አንቴናው ጣራ ላይ፣ ኔትወርኩ ደጅ፦ የካዛንቺስ ደካማ ሲግናልና የሪፒተር ነገር

ካዛንቺስ መሀል ቆሞ «ኔትወርክ የለም» የሚል ሰው ከአንቴና የራቀ ሰው አይደለም። ቀና ብሎ ቢያይ ከአንዱ ሕንፃ ጣራ ላይ ረዘም ረዘም ያሉ ነጫጭ ሳጥኖች ተሰቅለው ያገኛል፤ ስልኩን የሚያስተናግደው ከእነሱ አንዱ ነው። አስፋልቱ ላይ ሳለ ስልኩ አራት ባር ያሳያል፤ ወደ ሕንፃው ገብቶ ሊፍቱ ጋ ሲደርስ ሁለት ይሆናል፤ ምድር ቤት ሲወርድ ጭራሹን ይጠፋል። ገጠር ላይ ኔትወርክ ጠፋ ሲባል ብዙውን ጊዜ የአንቴናው ምሰሶ ሩቅ ነው፣ ወይም ተራራ ከልሎታል። ካዛንቺስ ባለበት በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ግን ምሰሶው ቅርብ ነው፤ የጠፋው ሞገዱ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ስለ ሲግናል ማጠናከሪያ ወይም ሪፒተር የሚነሣው ክርክር ከዚህ ልዩነት ቢጀምር ብዙ ገንዘብና ብዙ ንትርክ ይቀር ነበር።

ጉዳዩ የወሬ መቆራረጥ ብቻ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። በስልክ ገንዘብ የሚከፈልበት ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ። አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ እንኳ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ የተደረገው በዚያው በ2015 ነው። እንግዲህ ኔትወርክ ሲጠፋ ኪስ ውስጥ ያለው ገንዘብም አብሮ ይጠፋል። ከሕንፃ ሥር ካሉ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ምሳ ሰዓት ላይ የገባ ሰው የሚያየውን ያውቃል። ደንበኛው ሒሳብ ሊከፍል ስልኩን ያወጣል፤ ገጹ ይሽከረከራል፣ አሁንም ይሽከረከራል። አስተናጋጇ ለምዳዋለችና «ደረጃው ጋ ወጣ ብለው ይሞክሩት» ትላለች። ደረጃው ላይ ሌሎች ሦስት አራት ሰዎች ስልካቸውን ከፍ አድርገው ቆመዋል። አንዳንዴ ገንዘቡ ተቆርጦ ማረጋገጫው ሳይደርስ ይቀራል፤ ያኔ ደንበኛው «ከእኔ ወጥቷል»፣ ካሸሯ «እኛ ጋ አልገባም» ይባባላሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ለመረዳት አንድ መለኪያ መያዝ ግድ ነው፤ እሱም ዴሲቤል ነው። 3 ዴሲቤል ሲቀነስ የሞገዱ ኃይል በግማሽ ወርዷል፤ 10 ሲቀነስ አሥረኛው፣ 20 ሲቀነስ መቶኛው፣ 30 ሲቀነስ ሺኛው ብቻ ቀርቷል። ስልክ የሚቀበለው ኃይል ደግሞ በዲቢኤም ይነበባል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው። በ4ጂ ስልክ ላይ -90 እና ከዚያ የተሻለ ከሆነ ደኅና ነው፤ -110 አካባቢ ሲደርስ መጎተት ይጀምራል፤ ከ-120 ካለፈ ባይኖር ይሻላል፣ ባትሪ ብቻ ነው የሚጨርሰው። አንድሮይድ ስልክ ይህን ቁጥር በሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ በሚገልጸው ክፍል፣ ከሲም ሁኔታ ሥር ያሳያል፤ አይፎን ላይ *3001#12345#* ብሎ መደወል ነው። ባር መቁጠር ያሳስታል፤ ስንቱ ዲቢኤም ስንት ባር እንደሚሆን እያንዳንዱ አምራች የሚወስነው በራሱ ሚዛን ነውና።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። በጣሊያን ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች የተሠሩት የካዛንቺስ ቤቶችና ኋላ በዙሪያቸው የበቀሉት የጭቃ ቤቶች ለሬዲዮ ሞገድ እምብዛም አያስቸግሩም። ቆርቆሮ ጣራ ሞገድን ይመልሳል፤ የጭቃ ግድግዳና የእንጨት መስኮት ግን ያሳልፋል፤ ስለዚህ ከጎን ይገባል። በእነሱ ቦታ የቆመው ሕንፃ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ብረት የታሰረበት ኮንክሪት ግድግዳ እንደ ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ዴሲቤል ይበላል። ከዚህ የባሰው ግን መስታወቱ ነው። ፀሐይ እንዲመልስ ተብሎ በዓይን የማይለይ ስስ የብረት ሽፋን የተደረገለት መስታወት 30 ዴሲቤል ቢወስድ አይገርምም። ባለቤቱ ሙቀት እንዳይገባ ከፍሎ ያሠራው መስታወት ለሞገዱም አጥር ሆኖበታል ማለት ነው። በላዩ ላይ አልሙኒየም ክላዲንግ ሲጨመርበት ሕንፃው ከላይ እስከ ታች በብረት ተጠቅልሏል። ምድር ቤቱማ መስኮት እንኳ የለው።

የሞገዱ ፍሪኩዌንሲም ነገሩን ያከብደዋል ወይም ያቀለዋል። የሞባይል አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ስልኩ የሚያገለግለው ለድምፅና ለአጭር መልእክት ነበር፤ ዝቅ ያለው የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ደግሞ ግድግዳ ሰብሮ መግባት ይሆንለታል። ለ3ጂ የዋለው 2100 ሜጋኸርዝ፣ ለ4ጂ የዋለው 1800 ከእሱ ይልቅ ቶሎ ይደክማሉ። 4ጂ አዲስ አበባ የገባው በመጋቢት 2007፣ 5ጂ በግንቦት 2014 ነው፤ 5ጂ ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱን የሚያገኝባቸው ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲዎች ደግሞ ኮንክሪት ፊት ጨርሶ ይዳከማሉ። በየጊዜው ኔትወርኩ እየፈጠነ ሕንፃውም እየታሸገ ሲሄድ ሁለቱ ተቃራኒ መንገድ ይዘዋል። ለዚህ ነው ስልኩ ውስጥ 4ጂ የሚለው ምልክት ቢሮ ሲገባ ወደ 3ጂ፣ አልፎም ወደ ጥንቱ 2ጂ የሚንሸራተተው።

ሪፒተር ለዚህ ችግር የተበጀ መሣሪያ ነው፤ ሥራውም ቀላል ነው። አንድ አንቴና ከውጭ፣ ጣራ ላይ ወይም ምሰሶው በሚታይበት ጥግ ይተከላል። ከእሱ የሚወርደው ኬብል ማጉያ ሳጥኑ ላይ ይገባል። ከሳጥኑ የሚወጣው ሌላ ኬብል ሕንፃው ውስጥ ኮርኒስ ላይ ከሚለጠፍ አነስተኛ አንቴና ጋር ይገናኛል። ሳጥኑ ከውጭ ያገኘውን ሞገድ አጉልቶ ወደ ውስጥ ይረጫል፤ ከስልኩ የመጣውንም አጉልቶ ወደ ምሰሶው ይመልሳል። ይህ ሁለተኛው ተግባር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ምሰሶው በአሥር በሚቆጠር ዋት ሲጮህ የ4ጂ ስልክ ግን ቢበዛ 200 ሚሊዋት ገደማ ነው የሚልከው። «እኔ እሰማሃለሁ፣ አንተ አትሰማኝም ወይ? ሃሎ! ሃሎ!» የሚባለው ወሬ ሥሩ እዚህ ነው፤ የምሰሶው ድምፅ ግድግዳውን አልፏል፣ የስልኩ ግን እዚያው ቀርቷል። ሪፒተር በደንብ የተተከለበት ምድር ቤት ውስጥ ስልኩ ከቅርብ አንቴና ጋር ስለሚነጋገር መጮህ አያስፈልገውም፤ ባትሪው ይቆያል፣ ጆሮ ሥር የሚወጣው ጨረርም ይቀንሳል። የማጠናከሪያ ጨረር የሚያስፈራቸው ሰዎች ይህን ገልብጠው ነው የሚያስቡት።

ማጉላት ሲባል ምን ያህል? ለቤትና ለትንሽ ቢሮ የሚሸጡት ከ60 እስከ 70 ዴሲቤል ያጎላሉ። 70 ዴሲቤል ማለት አሥር ሚሊዮን እጥፍ ነው። ቁጥሩ ሲሰማ ሁሉን የሚፈታ ይመስላል፤ ጣጣው የሚመጣውም ከዚያ ነው። በቤተ ክርስቲያን ወይም በአዳራሽ ማይክራፎኑ ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ የሚወጣውን ፉጨት የማያውቅ የለም። ውስጥ ያለው አንቴና የሚረጨውን ውጭ ያለው መልሶ ከሰማው ሪፒተሩም እንዲሁ ያፏጫል፤ ፉጨቱ ግን ለጆሮ አይሰማም፣ በአየር ላይ ሆኖ ኔትወርክ ይረብሻል። ስለዚህ በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ያለው ከለላ ከማጉያው አቅም በ15 ዴሲቤል ገደማ መብለጥ አለበት ይላሉ ባለሙያዎች። አንዱ ጣራ ላይ ሌላው ምድር ቤት ከሆነ፣ በመካከልም ስድስት ሰባት የኮንክሪት ወለል ካለ፣ ነገሩ አያሳስብም። አንዱን መስኮት ላይ ሌላውን ከጀርባው ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ማብራት ግን ችግር መጥራት ነው። ዘመናዊዎቹ ሳጥኖች ፉጨቱን ሲያውቁ ራሳቸው አቅማቸውን ይቀንሳሉ፤ አረንጓዴው መብራት ወደ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ይለወጣል። ርካሾቹ ይህን አያውቁም። ኬብሉም የራሱን ድርሻ ይወስዳል፦ ቀጭን የአንቴና ኬብል በ20 ሜትር ርዝመት ከ10 ዴሲቤል በላይ ይበላል። ጣራ ላይ የተያዘው ሲግናል ሳጥኑ ጋ ሲደርስ አሥረኛው ነው የቀረው ማለት ነው። ለሳጥኑ ብዙ ከፍሎ ኬብል ላይ የሚቆጥብ ሰው ገንዘቡን ኬብሉ ውስጥ ነው የቀበረው።

ጎረቤት ያለበት ሰፈር ውስጥ ግን ከሁሉ የሚከፋው ሌላ ነገር ነው። ማጉያ የሆነ ሁሉ የራሱን ሹክሹክታ ይጨምራል፤ ባለሙያዎች ኖይዝ የሚሉት ነው። ምሰሶው ላይ ያለው ተቀባይ ከሩቅ ካለ ስልክ የመጣ እጅግ ደካማ ሞገድ ለመስማት የተሠራ ስለሆነ፣ አንድ መጥፎ ሪፒተር ከቅርብ ሆኖ ኖይዝ ሲረጭበት ጆሮው ይደፈናል። ያ ሳጥን የተተከለበት ቢሮ ኔትወርኩ አምሮለት ይስቃል፤ በዚያው ምሰሶ የሚገለገለው የሁለት መንገድ ማዶ ሰው ግን ጥሪው ይቆረጥበታል፤ ለምን እንደሆነም አያውቅም። የቴሌኮም ኩባንያው ጋ ደውሎ ቢያማርር ኩባንያውም ቶሎ አይደርስበትም፤ ምንጩ በሰው ጣራ ላይ፣ በመዝገብ ያልተያዘ ነውና። በየአገሩ ሪፒተርን ሕግ የሚቆጣጠረው ለዚህ እንጂ መንግሥት ኔትወርክ እንዳይደርስ ፈልጎ አይደለም።

ሪፒተር የማይፈውሰው ሌላ በሽታም አለ፤ እሱም መጨናነቅ ነው። ሪፒተር ሞገድ ያደርሳል እንጂ አቅም አይጨምርም። ምሰሶው ለአንድ ሺህ ሰው የሚያካፍለው አቅም ያው ነው፤ ሪፒተሩ ምድር ቤት ያሉትንም ወደ ሰልፉ ይጨምራል። የመስቀል ደመራ ዕለት መስቀል አደባባይ ላይ ስልኩ ሙሉ ባር እያሳየ አንዲት ፎቶ መላክ የሚያቅተው በዚህ ነው። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ፣ ከዚያም ሂልተን፣ ራዲሰን ብሉ፣ ኢሊሊ፣ ጁፒተር እያለ የሚቀጥለው የስብሰባ መንደር የሚታመመው ከዚሁ በሽታ ነው። ጉባኤ ሲሰበሰብ በመቶ የሚቆጠር ሰው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሁለት ስልክ ይዞ ይቀመጣል። እዚያ ሪፒተር መስቀል ውኃ በሌለበት ቧንቧ ማስረዘም ነው።

ሦስተኛው ሕመም ከላይ ፎቅ ነው። አዲስ አበባ ወደ ላይ ማደግ ጀምራለች፤ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ የቆመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ብቻ 209 ሜትር ነው። የሞባይል አንቴና ወደ መንገዱ ዘንበል ተደርጎ ስለሚሰቀል ከእሱ በላይ ያለው ፎቅ የሚያገኘው ትርፍራፊውን ነው፤ ያውም ከአንድ ሳይሆን ከብዙ ምሰሶ፣ ሁሉም ከሩቅ። ስልኩ ማንን እንደሚይዝ ግራ ይገባዋል፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል፣ ጥሪው ይቆረጣል። ባሩ ሙሉ፣ ጥራቱ ባዶ። እዚህ ሁሉን እኩል የሚያጎላ ሪፒተር ቢሰቀል ረብሻውንም አብሮ ያጎላል።

በመስከረም 2015 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምርም ለሪፒተር አዲስ ጣጣ መጣ። ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን በነበረበት ዘመን ሳጥኑ የማንን ሞገድ ያጎላል የሚል ጥያቄ አልነበረም። አሁን አንዱ ኩባንያ ምሰሶው ፊት ለፊት ባለው ጣራ ላይ፣ ሌላው ግን ራቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። ሰፊ ባንድ፣ ማለትም ሰፊ የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ የሚያጎላ ሳጥን የቅርቡ ብርቱ ሞገድ ሲመታው ከመጠን በላይ እንዳይጫንበት አቅሙን ዝቅ ያደርጋል፤ ያኔ የሩቁ ኩባንያ ደንበኛ ሪፒተር እያለ ያለ ሪፒተር ይቀራል። ይህን የሚፈታው የእያንዳንዱን ኩባንያ ባንድ ለይቶ የሚያጎላ መሣሪያ ነው። እሱ ደግሞ ውድ ነው፤ ያለ ኩባንያዎቹ እጅም አይስተካከልም።

ሕጉ ምን ይላል? በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ያስገባን ወይም ለሽያጭ ያቀረበን ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ ደነገገ፤ ያለ ፈቃድ መያዝና መጠቀምም የራሱ ቅጣት ነበረው። አዋጁ ያነጣጠረው በዋናነት ዓለም አቀፍ ጥሪን በሥውር በሚያስገቡት ላይ ነበር፤ አነጋገሩ ግን ሰፊ ስለሆነ ምድር ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ የፈለገ ባለ ሱቅም መረቡ ውስጥ ይገባል። በእኔ አስተያየት ቅጣቱና ጥፋቱ አይመጣጠኑም። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፍሪኩዌንሲ የመደልደልና የመሣሪያን ብቃት የማረጋገጥ ሥልጣን ተሰጥቶታል፤ ለሪፒተር ግልጽና አጭር መንገድ ማበጀት የሚያምርበት እሱ ነው። ሌላው ዓለም በዚህ ላይ ልምድ አለው። አሜሪካ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሽያጭ የሚቀርበው ፉጨትንና ኖይዝን ራሱ የሚቆጣጠር፣ የተመሰከረለት ሳጥን ብቻ እንዲሆን አደረገች፤ ገዢው ለኩባንያው ያስመዘግበዋል። ብሪታንያ ያለ ፈቃድ መጠቀምን ስትከለክል ኖራ በ2018 እ.ኤ.አ. የቴክኒክ መስፈርት ለሚያሟሉ የቤት ውስጥ ሪፒተሮች በሩን ከፈተች። ሁለቱም «አይቻልም» ከማለት ይልቅ የሚቻለው የትኛው እንደሆነ ጻፉ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ የሚልከው ሪፒተር፣ ዋሽንግተን ላይ ተአምር ቢሠራም፣ ለእኛ አይሆንም። እዚያ ከሚሠራባቸው ባንዶች ዋነኞቹ 700፣ 850 እና 1900 ሜጋኸርዝ ናቸው፤ እኛ ጋ 900፣ 1800 እና 2100። ከዚህም የከፋ ነገር አለ፤ በአሜሪካ 850 ባንድ ምሰሶው ለስልክ የሚልክበት ክፍል፣ በእኛ 900 ባንድ ስልክ ወደ ምሰሶ ከሚልክበት ጋር በከፊል ይደራረባል። ስለዚህ ሳጥኑ ዝም ብሎ አለመጥቀም ብቻ አይደለም፤ በተገላቢጦሽ አቅጣጫ እያጎላ ሊረብሽ ይችላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ለአንድ ሱቅ ወይም ለአንድ ምድር ቤት፣ ውጭ ያለው ሲግናል ጥሩ ሆኖ ውስጥ ብቻ ከጠፋ፣ በፈቃድና በባለሙያ የተተከለ ሪፒተር ርካሹና ፈጣኑ መድኃኒት ነው። መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል፤ ምሰሶው በባትሪና በጄኔሬተር ሲቆይ የሪፒተሩ ሳጥን ወዲያው ይሞታል፤ ስለዚህ ከትንሽ ዩፒኤስ ጋር ይታሰብ። ለትልቅ ሆቴልና ለቢሮ ሕንፃ ግን ኩባንያው ራሱ መሣሪያውን ምድር ቤት አስቀምጦ በየፎቁ ትንንሽ አንቴናዎች የሚዘረጋበት ሥርዓት ይሻላል፤ ይህ ሞገድ ብቻ ሳይሆን አቅምም ያመጣል፣ ምክንያቱም ከውጭው ምሰሶ አይበደርም። በየቦታው የሚሰቀሉ ትንንሽ የሞባይል ጣቢያዎችም እንዲሁ። ዋይፋይ ያለበት ቢሮማ ሰዉ ቀድሞ መፍትሔ አግኝቷል፤ በቴሌግራምና በዋትስአፕ ይደዋወላል። ይሁንና *127# ብሎ ቴሌብር ለመክፈትም ሆነ የባንክ የማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት ለመቀበል ዋይፋይ ብቻውን አይበቃም፤ የሞባይል ኔትወርኩ ያስፈልጋል።

ካዛንቺስ አሁን እንደገና እየተሠራች ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ሰፊው ነባር ሰፈር ፈረሰ፤ መንገዱ ሰፋ፣ መስመሮች ከመሬት በታች ገቡ። ሕንፃ ሲፈርስ ጣራው ላይ ያለ አንቴና ካለ አብሮ ይነሣል፤ አዲስ ሲቆም ደግሞ የሞገዱ መንገድ ይለወጣል። ይህ ጊዜ ለኔትወርክ ጉዳይ ከየትኛውም ጊዜ የተሻለ ነው፤ ኬብል የሚያልፍበት ቱቦ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ሲቀመጥ ወጪው ከቁጥር አይገባም፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳ መቦርቦር ነው። የእሳት ማጥፊያና የሊፍት ነገር በፕላን ላይ እንደሚጠየቀው ሁሉ የውስጥ ኔትወርክም ከግንባታ ፈቃድ ጋር ቢጠየቅ ከተማው ምንም አይከስርም።

እንግዲህ ካዛንቺስ ላይ ፕላን የምታሠሩ ሁሉ፣ አርክቴክታችሁን የመስታወቱን ቀለም ከመጠየቃችሁ በፊት ምድር ቤቱ ውስጥ ስልክ ይሠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁት፤ ከጣራ እስከ ምድር ቤት ለአንቴና ኬብል የሚሆን ቱቦም እንዲተውላችሁ አድርጉ። ሕንፃችሁ ያለቀላችሁ ደግሞ ሳጥን ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጣራውና ምድር ቤቱ ላይ የዲቢኤሙን ቁጥር አንብቡና ጻፉ፤ ከዚያ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ወይም ወደ ኩባንያችሁ የደንበኞች አገልግሎት ደውላችሁ በዚያ ቁጥር ጠይቁ። ጣራው ላይም ደካማ ከሆነ ጥፋቱ የሕንፃችሁ አይደለም፤ ሪፒተር የሚያጎላው ነገርም አያገኝም።